የቆመ መኪና

ከወጣቶች ኅብረት በኋላ ሻይ ስንጠጣ አንድ ወንድማችን በስልኩ የፊት ገጽ ላይ ያደረገውን አዲስ ፎቶ አሳየን። ቀይ የፎርሙላ ዋን መኪና ነው። ቀለሙ ያበራል፤ ጎማው ላይ ያለው ጽሑፍ ሳይቀር ፊደል በፊደል ይነበባል። ሁላችንም አደነቅን። ሻይ የሚያቀርቡልን እናታችን ግን ስልኩን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው ካዩት በኋላ፣ “እንዴ! ይህ ልጅ መኪናውን መንገድ መካከል አቁሞ ምን ይሠራል?” አሉ።

ሳቅን። ወንድማችን መኪናው በሰዓት ወደ 300 ኪሎ ሜትር እየበረረ እንደ ሆነ ሊያስረዳቸው ሞከረ። እርሳቸው ግን አልተረቱም። “ታዲያ ጎማው የታለ የዞረው?” ብለው ስልኩን መለሱለት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ መኪና ውድድር ፎቶግራፍ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ፤ ብዙ ፎቶም አየሁ። ከእናታችን ጥያቄ የሚበልጥ ሒስ ግን አላገኘሁም። ይህ ጽሑፍ ያንን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ለመከተል የተደረገ ሙከራ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። ፎቶውን የሚሠራው፣ ሹተር የምንለው የካሜራ መዝጊያ ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 83 ሜትር ያህል ይጓዛል። መዝጊያው ለሰከንድ አንድ ሁለት ሺህኛ ብቻ ከተከፈተ፣ መኪናው በዚያች ጊዜ የሚሄደው አራት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ከመኪናው ጋር ካዞረ ደግሞ ያቺም አራት ሴንቲ ሜትር ትጠፋለች። ጎማው ይቆማል። የአስፋልቱ ጠጠር ይቆጠራል። ፍጥነቱ ግን ከፎቶው ወጥቶ ይሄዳል። መዝጊያው ለሰከንድ አንድ ስድሳኛ ከተከፈተ ነገሩ ሌላ ነው፤ መኪናው አንድ ሜትር ከአርባ ያህል ይጓዛል። ፎቶ አንሺው እግሩን ተክሎ፣ ከወገቡ እየዞረ፣ መኪናውን በሌንሱ መካከል እንደ ያዘ አብሮት መሄድ አለበት። ከተሳካለት የመኪናው አካል ጥርት ይላል፣ ጎማው ይሽከረከራል፣ ከበስተጀርባ ያለው ዛፍና ተመልካች ደግሞ እንደሚፈተል ጥጥ ይሳባል። ካልተሳካለት ሁሉም ጭጋግ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም አይሳካም።

ስለዚህ እናታችን ትክክል ነበሩ። ያ ፎቶ የቆመ መኪና ፎቶ ነው። ካሜራው አልዋሸም፤ ነገር ግን የፎቶው ባለቤት ስለ መኪናው ቀለም እንጂ ስለ መኪናው ሩጫ ምንም አልነገረንም።

በዚህ የጥበብ ዘርፍ እጅግ የታወቀው ፎቶ የተነሣው ከመቶ ዓመት በፊት ነው፤ ያነሣውም ገና ወጣት ነበር። ዣክ ኦንሪ ላርቲግ ይባላል፤ በ1894 የተወለደ የፈረንሳይ የባለጸጋ ልጅ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። ቁጥር 6 የተጻፈበት መኪና በፊቱ ሲያልፍ ካሜራውን አዞረና ነካው። ያገኘው ፎቶ በማናቸውም የፎቶ ትምህርት ቤት መመዘኛ የተበላሸ ነው። የመኪናው አፍንጫ ተቆርጦ ከፎቶው ውጭ ቀርቷል። የኋላው ጎማ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኗል፤ ወደ ፊትም ያዘነበለ ነው። መንገድ ዳር የቆሙት ተመልካቾችና ምሰሶዎች ደግሞ ነፋስ እንደ ገፋቸው ሁሉ ወደ ኋላ ተጋድመዋል።

ምክንያቱ ተአምር አይደለም። የላርቲግ ካሜራ መዝጊያ በአንድ ጊዜ የሚከፈት መስኮት ሳይሆን በፊልሙ ላይ ቀስ ብሎ የሚያልፍ ጠባብ ክፍተት ነበር። ክፍተቱ ከጎማው አንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ እስኪደርስ መኪናው ቦታ ቀይሯል። ላርቲግ ካሜራውን ያዞረው ከመኪናው ፍጥነት ባነሰ ፍጥነት ስለ ነበረ ጎማው ወደ ፊት፣ ቆሞ የሚያየው ሕዝብ ወደ ኋላ ዘመመ። ፎቶው ለብዙ ዓመታት በራሱ አልበም ውስጥ ተቀመጠ። ዓለም የላርቲግን ሥራ ያወቀው በ1963 የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ባሳየው ጊዜ ነው፤ ሰውየው ያን ጊዜ ሰባ ዓመት ሊሞላው አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር።

ይህን ፎቶ የምወደው ስለ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። ተመልካቹን ስለሚጨምር ነው። የቆሙት ሰዎችም እንዳልቆሙ ያሳያል። የሚያልፈው መኪና እነርሱንም አጋድሟቸዋል። አብዛኛው የውድድር ፎቶ ተመልካቹን የሚጠቀምበት ለጀርባ ቀለም ነው፤ እዚህ ግን ማየትም ዋጋ ያለው ድርጊት ሆኖ ይታያል።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። አንድ የፎርሙላ ዋን ፎቶ አንሺ ቅዳሜና እሑዱን የሚጀምረው ዓርብ ነው። ዓርብ የልምምድ ቀን ነው፤ ስሕተት የሚፈቀድበት ቀን። ጥሩ ፎቶ አንሺዎች የሰከንድ አንድ ሠላሳኛውን፣ አንድ አሥራ አምስተኛውን የሚሞክሩት ያን ጊዜ ነው፤ ፀሐይ በየትኛው ኩርባ በስንት ሰዓት እንደምትመጣ የሚያጠኑትም ያን ጊዜ ነው። የፈቃድ ሰደርያቸውን ለብሰው፣ ሁለት ካሜራና እንደ ክንድ የረዘመ ሌንስ ተሸክመው በትራኩ ዙሪያ በእግር ይዞራሉ። በአጥሩ ላይ ለእነርሱ የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ፤ የትኛው ቀዳዳ የትኛውን ኩርባ እንደሚያሳይ ልምድ ያለው ያውቃል። ቅዳሜ የመነሻ ቦታ የሚለይበት ማጣሪያ ነው። እሑድ ደግሞ ስሕተት የለም። የመነሻው ቅጽበት፣ ፍልሚያው፣ መድረኩ፣ የሚረጨው መጠጥ። ደንበኛው ፎቶውን በደቂቃዎች ውስጥ ይፈልገዋል።

የዚህ ሥራ ውጤት በየሳምንቱ በስልካችን ላይ ይፈስሳል። እውነቱን ለመናገር እጅግ ያማረ ነው፤ ያማረበትም መንገድ ሁልጊዜ አንድ ነው። የምሽት መብራት፣ ከመኪናው ሥር የሚረጭ ፍንጣሪ፣ በዝናብ ላይ የሚነሣ ጉም። መኪናው የማስታወቂያ ሰሌዳ ስለ ሆነ የድርጅቱ ስም መነበብ አለበት፤ ስሙ እንዲነበብ ደግሞ መኪናው ጥርት ማለት አለበት። በእናታችን ቋንቋ፣ መቆም አለበት።

ሰውየውስ? ጀርመናዊው ራይነር ሽሌገልሚልሽ በ1962 ይህን ሥራ የጀመረው በኑርበርግሪንግ የአሽከርካሪዎችን ፊት በማንሣት ነበር። በዚያ ዘመን ፊቱ ይታይ ነበር፤ ዘይት የነካው ጉንጭ፣ መነጽሩ የተወው ክብ ምልክት፣ ሊነሣ ሲል የሚያይበት ዐይን። ዛሬ አሽከርካሪው ሙሉ የራስ ቁር ውስጥ ነው፤ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ሄሎ የሚባለው የጭንቅላት መከላከያ በፊቱ ያልፋል። በዚህ ማንም ሊያዝን አይገባም። ፎቶ ተበላሽቶ ሰው ቢተርፍ ይሻላል። ግን የዛሬውን ፎቶ ስንመለከት ሰው ከመኪናው ውስጥ እንዳለ የምንረሳበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ሰው እንዳለ ማንም ሊረሳ የማይችልባቸው ፎቶዎች ግን አሉ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም እነርሱ ናቸው።

ሐምሌ 29 ቀን 1973 እሑድ ነው። ቦታው ዛንድቮርት፣ በሆላንድ በሰሜን ባሕር ዳር በአሸዋ ክምር መካከል የተሠራ ትራክ። በቀደመው ዓመት ውድድሩ አልተካሄደም ነበር፤ ትራኩ ታድሶና አጥር ተጨምሮለት በዚያ ዓመት ተመለሰ። ሮጀር ዊልያምሰን የ25 ዓመት እንግሊዛዊ ነው። በፎርሙላ ዋን ሁለተኛ ውድድሩ ነበር። በስምንተኛው ዙር መኪናው ከመንገድ ወጣ፤ ጎማው እንደ ተበላሸ ይገመታል። አጥሩን መትቶ ተገለበጠና እሳት ተነሣ። ዊልያምሰን በሕይወት ነበር፤ በተገለበጠው መኪና ሥር ተይዞ መውጣት አልቻለም።

ከኋላው ይመጣ የነበረው ዴቪድ ፐርሊ የ28 ዓመት ሰው ነው፤ ቀድሞ የፓራሹት ወታደር ነበር። መኪናውን ዳር አቆመ። ሌሎች መኪኖች እየበረሩ በሚያልፉበት መንገድ ላይ ሮጦ ተሻገረ። መኪናውን በእጁ ሊገለብጠው ሞከረ፤ አልቻለም። ከትራክ ሠራተኞች አንዱ ዘንድ የነበረውን እሳት ማጥፊያ ወስዶ ረጨ፤ አለቀ። እንደ ገና ገፋ። ሠራተኞቹ እሳት የሚከላከል ልብስ አልለበሱም ነበርና ሊጠጉ አልደፈሩም። ከተመልካቾች መካከል አጥሩን አልፈው ሊረዱ የሞከሩ ነበሩ፤ ጥበቃዎች መለሷቸው። የእሳት አደጋ መኪናው በጊዜ አልደረሰም። ውድድሩ ግን አልቆመም። ቢጫ ባንዲራ እየተውለበለበ መኪኖቹ በጭሱ ውስጥ አለፉ፤ ዞረውም በዚያው ተመለሱ፤ እንደ ገናም አለፉ። በመጨረሻ ከሠራተኞቹ አንዱ ፐርሊን ይዞ ወሰደው።

ሆላንዳዊው ፎቶ አንሺ ኮር ሞይ እዚያ ነበር። ያነሣቸው ተከታታይ ፎቶዎች በዓለም የፕሬስ ፎቶ ውድድር በተከታታይ ፎቶዎች ዘርፍ ተሸለሙ።

የፎቶዎቹን ሥራ እንደ ሐያሲ ልመልከት። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስደንቀኝ ብዙ መሆናቸው ነው። ዛሬ በየቦታው ከእነዚህ ፎቶዎች አንዱ ብቻ ተነጥሎ ይወጣል፤ ሰው በጭስ ፊት ቆሞ የሚገፋበት። ከሥሩም “ጀግና” የሚል ጽሑፍ ይደረግበታል። ይህን አልወደውም። አንዱ ፎቶ ብቻውን ሐውልት ነው። ፐርሊ በእርሱ ውስጥ ለዘላለም እየገፋ ነው፤ ሊሳካለትም ይችል ይሆናል እንላለን። ተከታታዮቹን በቅደም ተከተላቸው ያየ ሰው ግን ይህን ማለት አይችልም። በአንዱ ይገፋል፤ በሌላው ማጥፊያ ይዟል፤ በሌላው ባዶ እጁን ነው። መኪናው ግን በዚያው ነው። ጊዜ ያልፋል። የአንድ ሰከንድ አንድ ሺህኛ የማትይዘው ነገር ይኸውና እዚህ ተያዘ፦ የዘገየ ነገር።

ሁለተኛው ነገር ዊልያምሰን ነው። በአንዱም ፎቶ አናየውም። ከመኪናው ሥር ነው። ስለ አንድ ሰው ሞት የሚናገሩ ፎቶዎች ሁሉ ያን ሰው ሳያሳዩ መናገራቸው፣ ሳየው ሳየው የሚከብደኝ ይህ ነው። ሰውየው እዚያ እንዳለ የምናውቀው ፐርሊ ስለ ገፋ ብቻ ነው። ፐርሊን ከፎቶው ብናወጣው የሚቀረን የሚቃጠል ብረት ነው፤ የሚቃጠል ብረት ደግሞ በየዓመቱ በውድድር ሜዳ የሚነሣ ተራ ፎቶ ነው።

ሦስተኛው የቆሙት ሰዎች ናቸው። እዚህ ላይ እጠነቀቃለሁ፤ ምክንያቱም የኛ አንባቢ ወዲያው ወደ ኢያሪኮ መንገድ እንደሚሄድ አውቃለሁ። እኔም ሄጃለሁ። ያለፉትን አሽከርካሪዎች ካህንና ሌዋዊ አደረግኋቸው፤ ፐርሊን ሳምራዊ፤ በሐሳቤም ስብከቱን በግማሽ ሰዓት ጨረስሁት። ከዚያ በኋላ ነው አሽከርካሪዎቹ የተናገሩትን ያነበብሁት። ብዙዎቹ ከመኪናው አጠገብ የራስ ቁር ያደረገ ሰው ቆሞ ሲያዩ፣ የተገለበጠው መኪና አሽከርካሪ እርሱ ራሱ ነው፣ ወጥቶ ተርፏል ብለው አሰቡ። ሊረዳ የቆመው ሰው መታየቱ ራሱ፣ መርዳት አያስፈልግም የሚል ምልክት ሆነባቸው። ይህ በምሳሌው ውስጥ የለም። አይተው ያለፉ ሰዎች ሳይሆኑ፣ በሰዓት ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር አይተው የተሳሳቱ ሰዎች ናቸው። ከካህኑ ይልቅ እኛን የሚመስሉትም በዚህ ነው። እኛም ስልካችን ላይ በአውራ ጣታችን እየገፋን በዚያ ፍጥነት ነው የምናልፈው፤ “አንድ ሰው አጠገቡ አለ” ብለን።

የዚያን ቀን አሸናፊው ጃኪ ስቱዋርት ነበር። 26ኛ ድሉ ነው፤ በዚያ ድል የጂም ክላርክን ክብረ ወሰን ሰበረ። በሌላ ቀን ቢሆን የዓመቱ ፎቶ የሚሆነው የእርሱ መድረክ ነበር። ሁለተኛ የወጣው የቡድን ጓደኛው ፍራንሷ ሴቬር ሦስት ወር ሳይሞላ በአሜሪካ ዋትኪንስ ግሌን ላይ በአደጋ ሞተ። እንዲህ ያለውን ነገር ካወቅሁ በኋላ የመድረክ ፎቶ በቀድሞው ዐይን ማየት አልቻልሁም።

አሁን የሚቆጠቁጠው ጥያቄ ይመጣል። ኮር ሞይ ለምን ካሜራውን አልጣለም? ይህን ጥያቄ በጥናት ቡድናችን ሳነሣ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። አንዲት እኅት፣ “ፎቶው ባይኖር ዛሬ ስለ ፐርሊ ማን ያወራ ነበር?” አለች። ሌላው ወንድም ደግሞ፣ “እኛ እንድናወራ ነው ታዲያ አንድ ሰው የሚቃጠለው?” አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ሞይን ለመክሰስ አቅሙ የለኝም። ሊሻገር ቢሞክር ጥበቃዎቹ ሊመልሱት ይችሉ ነበር፤ የትራክ ሠራተኞቹ እንኳ ያልቻሉትን እርሱ እንዲችል መጠየቅም ቀላል ፍርድ ነው። ደግሞም ፎቶዎቹ አያሞካሹም። ከእሳቱ የሚገኘውን ውበት አላሳደዱም። ትኩረታቸው ፐርሊ ላይ ነው፤ እርሱን ይከተላሉ፤ ያ መከተል ምስክርነት ነው። ሆኖም ሽልማት የሚለው ቃል ከዚህ ጋር ሲያያዝ አንድ ነገር ይጎረብጠኛል። ፐርሊም ተሸልሟል፤ የእንግሊዝ መንግሥት ለሲቪል ጀግንነት የሚሰጠውን የጆርጅ ሜዳሊያ። ዊልያምሰን ግን አልወጣም። (ፐርሊ ከአራት ዓመት በኋላ በሲልቨርስቶን ከደረሰበት እጅግ ከባድ ግጭት ተርፎ፣ በ1985 የትርኢት አውሮፕላን ሲያበር ባሕር ላይ ወድቆ ሞተ። አርባ ዓመቱ ነበር።)

ከሞይ ጋር ማስተያየት የምፈልገው ሌላ ፎቶ አንሺ አለ። አንጄሎ ኦርሲ ይባላል፤ ጣሊያናዊ ነው፤ የአይርተን ሴና ወዳጅ ነበር። በ1994 የኢሞላ ቅዳሜና እሑድ በፎርሙላ ዋን ታሪክ ከከፉት አንዱ ነው። ዓርብ ሩቤንስ ባሪኬሎ በከባድ ግጭት ተጎዳ። ቅዳሜ በማጣሪያው ኦስትሪያዊው ሮላንድ ራትዘንበርገር ሞተ። እሑድ ግንቦት 1 ቀን ሴና ሞተ። ሐኪሞቹ ሴናን መንገድ ዳር ሲረዱት ኦርሲ በቅርብ ነበርና ፎቶ አነሣ። ቤተሰቡ እንዳይታተሙ ስለ ፈለገ እነዚያ ፎቶዎች አልታተሙም። ምን ያህል ገንዘብ ሊያወጡ ይችሉ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

እነሆ ሐያሲ የማያየው ሥራ። ስለ ብርሃኑ፣ ስለ አቀማመጡ አንዳች ልል አልችልም። ነገር ግን የኦርሲን መሳቢያ ከብዙ የታተሙ መጻሕፍት ይልቅ አስበዋለሁ። ማንሣትና ማሳየት ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች እንደ ሆኑ እርሱ አስታወሰኝ። ስልክ ይዘን ያደግን ትውልድ ሁለቱን አንድ አዝራር አድርገናቸዋል።

ስለ ራትዘንበርገርም አንድ ነገር ልበል። ዕድሜው 33 ነበር፤ ከዚያ በፊት የሮጠው የፎርሙላ ዋን ውድድር አንድ ብቻ ነው። የሴናን ፎቶ በየቲሸርቱ ታገኛላችሁ፤ የእርሱን ግን ፈልጋችሁ ነው። የሴና ቀብር የዓለም ዜና ሆነ። በዚያን ጊዜ የስፖርቱ የበላይ አካል ፕሬዚዳንት የነበረው ማክስ ሞዝሊ ግን ወደ ራትዘንበርገር ቀብር ሄደ፤ ሌላው ሁሉ ወደ ሴና እንደሚሄድ ስላወቀ። ሴና ራሱም አልረሳውም ነበር፤ ከአደጋው በኋላ በመኪናው ውስጥ የኦስትሪያ ባንዲራ ተገኘ፤ ቢያሸንፍ ሊያውለበልበው አስቦ ነበር ይባላል። ያ ፎቶ ሳይነሣ ቀረ።

ፐርሊ ያደረገውንም ሴና አድርጎት ያውቃል። በ1992 በቤልጂየም ስፓ፣ በልምምድ ሰዓት፣ ፈረንሳዊው ኤሪክ ኮማ ተጋጭቶ ራሱን ስቶ ነበር። ሴና መኪናውን አቁሞ በትራኩ ላይ እየሮጠ ደረሰና የኮማን ሞተር አጠፋ፤ ሐኪሞች እስኪመጡም ጭንቅላቱን ደግፎ ያዘ። የዚህን ምስል ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ሩጫውን ነው። የዓለም ሻምፒዮን በእግሩ ሲሮጥ፣ በራስ ቁርና በከባድ ልብስ፣ እንደ ማንኛውም ሰው እየተንገዳገደ። መኪናው ከኋላው ቆሟል። እናታችን ይህን ቢያዩት “ለምን አቆመው?” ብለው የሚጠይቁ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዳልተለወጠ አድርጌ ላስቀር አልፈልግም። ኅዳር 29 ቀን 2020 በባሕሬን የሮማን ግሮዣን መኪና በመጀመሪያው ዙር አጥሩን ሰንጥቆ ለሁለት ተከፈለና ነደደ። 28 ሰከንድ ያህል በእሳት ውስጥ ነበር። በመጀመሪያው ዙር መኪኖቹን የምትከተለው የሕክምና መኪና ወዲያው ደረሰች፤ ሐኪሙ ኢያን ሮበርትስ ወደ እሳቱ ገብቶ አሽከርካሪውን ከአጥሩ በላይ ሲወጣ ተቀበለው። ውድድሩ ቆመ። የዚያን ምሽት ፎቶዎች ከዛንድቮርት ጎን አስቀምጧቸው። እሳቱ ያው ነው፤ እንዲያውም ይበልጣል። ልዩነቱ ወደ እሳቱ የሚሄደው ሰው ብቻውን አለመሆኑ ነው። እሳት የሚከላከል ልብስ አለው፤ መኪና አለው፤ ሥራው ነው። በ1973 አንድ ሰው በድፍረቱ ሊሸፍነው የሞከረውን ክፍተት፣ በ2020 ሥርዓት ሸፍኖታል።

ወደ ራሴ ልምጣ፤ ሐያሲ ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚሸሸው ይህን ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የሚዲያ አገልግሎት ካሜራ ይዤ አራተኛ ዓመቴ ነው። በጸሎት ሰዓት እያነቡ ያሉ ሰዎችን ፊት በቅርብ ሌንስ ስንት ጊዜ እንዳነሣሁ አልቆጠርሁም። “ደስ የሚል ፎቶ” ብለን እንለጥፈዋለን። የማንን ልቅሶ ለማን እንዳሳየሁ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። አሁን እጠይቃለሁ፤ አንዳንዴም እተወዋለሁ። አንድ ጊዜ ግን ሳልጠይቅ ያነሣሁት ፎቶ አለኝ።

ባለፈው ክረምት፣ አመሻሽ ላይ፣ ከልምምድ ስመለስ ዋናው መንገድ ላይ ሚኒባስ አንድ ሞተረኛ ገጭቶ ደረስሁ። ሰው ተሰብስቧል። እጄ ወደ ኪሴ ገባና ስልኬን አወጣሁ። ለምን እንደ ሆነ አላውቅም፤ ማንም አላዘዘኝም። አንድ ጊዜ ነካሁት። ወዲያው አንድ ሰው ከጎኔ፣ “አንተ ልጅ፣ ውኃ ካለህ አምጣ!” አለኝ። በቦርሳዬ ውስጥ ውኃ ነበረኝ። ሰጠሁ። ሞተረኛው እግሩ ተሰብሮ ነበር እንጂ ተርፏል።

ፎቶውን አልለጠፍሁትም፤ አላጠፋሁትምም። ይህን ጽሑፍ ስጽፍ ከፍቼ ደግሜ አየሁት። ብርሃን ስላነሰ ስልኩ መዝጊያውን አዘግይቶታል። በክብ የቆምነው ሰዎች፣ የጫማችን ክር ሳይቀር፣ ጥርት ብለን እንታያለን፤ ከኛ መካከል ስድስት ሰዎች ስልክ ይዘዋል። በመካከላችን አንዲት ሴት አለች፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ ስባ ከሞተረኛው ራስ ሥር ልታደርግ ጎንበስ እያለች ነው። ፊቷ አይለይም። ነጭ ጭረት ብቻ ነች።